እንድሪስን ማን ወለደው

ኤንትሬው የጭነት መኪና ሲሪንቃን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ማርሹ ጮኸ፤ ከኋላ የተጫነው ቆርቆሮ ተንገጫገጨ። ሮማን ግን መቁጠሯን አላቋረጠችም።

«ሮማን ተስፋዬ። ተስፋዬ ጌትነት። ጌትነት እንድሪስ። እንድሪስ ይመር። ይመር አራጋው። አራጋው ሙሄ። ሙሄ ጎሹ። ጎሹ መርሳ ወንዝ ዳር መጀመሪያ ምሳሩን ያሳረፈ።»

«እንደገና» አለች እናቷ አለሚቱ።

ሾፌሩ ሃይላይ መሪውን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ሳቀ። «ኧረ እህቴ፣ ልጅቱን ማሪያት! እኔ ከአባቴ ወዲያ የማውቀው የዚህችን መኪና ታርጋ ብቻ ነው። እሱም ትራፊክ ሲያስቆመኝ ይጠፋኛል።»

«አንተን መሬትህን የሚነጥቅህ የለማ።»

«መሬት ቢኖረኝ እዚህ ዳገት ላይ ምን እሠራለሁ?» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች ተቀምጠዋል። አይለምኑም፤ እጃቸውንም አያነሡም። አንዲት ሴት ቅል ታቅፋ ወደ መኪናው አቧራ ፊቷን ሳትሸፍን ታያለች። አለሚቱ ከመርሳ እስከዚህ ድረስ እንዲህ የተቀመጡትን ቆጥራ ነበር፤ ሰማንያ ሁለት ሲደርሱ ተወችው።

ዘመኑ 1965 ዓ.ም. ነበር፤ ወሩ የካቲት። ያለፈው ክረምት ከድቷል፤ በልጉም ሊከዳ ነው። አለሚቱ ትናንት የውሃ ተራዋ ስለነበር ቦይ ስትጠብቅ አምሽታ፣ ሳይነጋ ትንሿን ልጇን ገነትን ለጎረቤት ሰጥታ ነው የወጣችው። ዛሬ ሰባተኛው ቀጠሮ ነው። ከዚህ በፊት ወልድያ ስድስት ጊዜ ተመላልሳለች፤ አንድ ጊዜ ዳኛው ታመው፣ አንድ ጊዜ መዝገቡ ጠፍቶ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ እንኳ ሳይነገራት ተመልሳለች።

ክርክሩ በግማሽ ጥማድ የመስኖ መሬት ነው። ከሩቅ ሲያዩዋት እንደ አንሶላ የምትሰፋ፣ ግማሿ ሽንኩርት፣ ግማሿ በቆሎ። በዚህ ዓመት በአካባቢው አረንጓዴ የሆነው እሷና እሷን የመሰለ የመስኖ መሬት ብቻ ነው። ያቺ መሬት ከሄደች አለሚቱ ልጆቿን ይዛ መንገድ ዳር ከተቀመጡት ጋር ትቀመጣለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ሁልጊዜ ታሰላዋለች።

የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው። በርስት የተከራከረ ሰው ከራሱ ተነሥቶ እስከ አቅኚው አባት ድረስ በሽማግሌ ፊት ይቆጥራል። የሚቆጥረው ደሙ ያለበት ነው። አግብታ የመጣች ሴት የባሏን ዘር ከባሏ በላይ ብታውቀው እንኳ አፏን መክፈት አትችልም። ተስፋዬ በወባ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ደሙ ያለባቸው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሮማንና የአምስት ዓመቷ ገነት ብቻ ናቸው።

ለመቁጠሩስ ሮማን ከየትኛውም ጎልማሳ አታንስም። አለሚቱ የደብተራ ልጅ ናት፤ ፊደል የቆጠረችው ከአባቷ ብራና ሥር ተቀምጣ ነው። ማታ ማታ ጥጥ እየፈተለች ለልጆቿ የምትነግራቸው ስለ ጅብና ቀበሮ አልነበረም። ስለ የጁ ባላባቶች፣ የሚካኤልን ታቦት ተሸክመው ስለ ሸሹ ቄሶች፣ በጣሊያን ጊዜ መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ስለ ፈለጡ ሰዎች ነበር። ደንብ ነበራት። እያንዳንዱን ነገር ከመጀመሯ በፊት «ያየሁት ነው» ወይም «የሰማሁት ነው» ትላለች። የሰማችው ከሆነ ከማን እንደሰማች፣ ያም ከማን እንደሰማ ትናገራለች። ያልተረጋገጠላትን «ይመስለኛል» ትላለች እንጂ አትደፍረውም። ገነት ገና አንደበቷ በቅጡ ሳይፈታ ነበር «ማን ነገረሽ?» ማለት የለመደችው።

ወልድያ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። የማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ብርሃኑ ከፍርድ ቤቱ አጥር አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ ቀለም የነካው ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ይጠብቋቸዋል። የመነጽራቸው አንደኛው ዘንግ በክር ታስሯል።

«እስቲ ልጅቱ ትቁጠርልኝ» አሉ።

ሮማን ቆጠረች። ቃሉ ሳይዘባረቅባት እስከ ጎሹ ደረሰች።

«ጎሽ! የእኔ ልጅ እንዲህ ቢሆን የት በደረስኩ!»

ሮማን ስለተመሰገነች ደስ አላት። «ስለ እንድሪስ ደግሞ ልንገርዎት? እማ ናት የነገረችን። የሰማችው ነው፤ ከራሳቸው ከአባባ እንድሪስ። እሳቸው ደግሞ ከእናታቸው ከከድጃ።»

«በይ ንገሪኝ።»

«በክፉ ቀን፣ በዚያ በትልቁ ረሃብ ጊዜ ነው። ይመር ወንዝ ሲወርድ አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታ ሞታ አገኘ። ከሰሜን የመጣች ናት፤ ስሟን የሚያውቅ የለም። ጀርባዋ ላይ በፍየል ቆዳ አንቀልባ ሕፃን አዝላለች። ሕፃኑ አልሞተም። ይመርና ከድጃ ልጅ አልነበራቸውም። ከድጃ ጡቷን ማር ቀብታ አጠባችውና የጡት ልጅ አደረጉት። እንድሪስ እሱ ነው።»

አቶ ብርሃኑ ብዕራቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ አለሚቱን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሦስት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ በተለያየ ዓመት። ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው የነገሩኝ።»

«አለሚቱ፣ የጡት ልጅ ከብት ይወርሳል፣ ጦርና ጋሻ ይወርሳል። ርስት አይቆጥርም! ይመር ዘር ከሌለው መሬቱ ወደ ወንድሙ ወደ ሰይድ ይዞራል። የሰይድ የልጅ ልጅ ማነው?»

አለሚቱ መልሱን ታውቀዋለች። የሰይድ የልጅ ልጅ ግራዝማች አስፋው ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚከራከሯት ሰው።

«ሦስት ዓመት ስትመላለሺ አንድ ቀን ይህን አልነገርሽኝም!»

«አልጠየቁኝም፣ አቶ ብርሃኑ። እኔ ደግሞ የምንኮራበት ነገር ይመስለኝ ነበር።»

«ኩሪበት! ኩሪበት፣ ግን ቤትሽ ውስጥ! ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም።»

«አለ እንጂ፣ እማ» አለች ሮማን። «ለትርንጎ ነግሬያታለሁ። ቦይ ስንጠብቅ።»

ትርንጎ የግራዝማች አስፋው የልጅ ልጅ ናት። አቶ ብርሃኑ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ከመጠራታችሁ በፊት ልጅቱን ውሰጂያትና አነጋግሪያት» አሉ። «እኔ አልሰማሁም። ጆሮዬን የሚያመኝ ሰው ነኝ።»

አለሚቱ ልጇን ከአጥሩ ጀርባ ወስዳ ቁልቋሉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እንድሪስ ላይ ስትደርሺ ስሙን ብቻ ብለሽ ታልፊያለሽ።»

«ታሪኩን አልናገርም?»

«አትናገሪም።»

«ለምን?»

አለሚቱ ነገረቻት። አላሳጠረችም፤ አላለሰለሰችም። የጡት ልጅ ምን እንደሚወርስና ምን እንደማይወርስ፣ መሬቱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን በተራ ነገረቻት።

ሮማን አሰበች። «በመንገድ ላይ እንዳየናቸው ሰዎች እንሆናለን?»

«አዎ።»

«ቢጠይቁኝስ?»

አለሚቱ ወደ መሬት አየች። አንድ ጉንዳን ከራሱ የሚበልጥ የስንዴ ገለባ እየጎተተ በጫማዋ ሥር ያልፋል። «ዋሺ» ልትላት አስባ ተወችው። በልጇ ፊት ብላው የማታውቀው ቃል ነው።

«ቢጠይቁሽ… ገነትን አስቢ።»

«አንቺ ራስሽ እኮ፣ ያልሰማነውን ሰማን እንዳንል ትይናለሽ።»

«ብያችኋለሁ።»

«እና?»

«እናማ፣ ልጄ፣ ዛሬ ደክሞኛል።»

አስጠሪው የሁለቱን ወገን ስም ሲጣራ ከሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዳኛው ጉዳዩን ለሦስት ሽማግሌዎች መርተውታል፤ ሽማግሌዎቹም በግቢው ዋርካ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በመካከል ባላምባራስ ካሳዬ፣ በቀኛቸው ሼህ አብዱልሐሊም፣ በግራቸው ጸሎታቸውን እያነበነቡ አንድ ቄስ። ከፊታቸው አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በጉልበቱ ላይ መዝገብ ዘርግቷል። ግራዝማች አስፋው ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሌላው የቆመው ሁሉ የራሱን ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ነው፤ የሰው ነገር መስማት ለሱ እረፍት ነው።

«በሉ፣ ዘር ይቆጠር» አሉ ባላምባራስ ካሳዬ።

ሮማን ነጠላዋን አደግድጋ ቆጠረች። እንድሪስ ላይ አልዘገየችም፤ አልፈጠነችምም። ጎሹ ላይ ስትደርስ ቄሱ ማነብነባቸውን ትተው ያዳምጧት ነበር።

«ሰባት ቤት ሞልታለች» አሉ ባላምባራስ። «ግራዝማች፣ የሚሉት አለዎት?»

«አንድ ጥያቄ አለኝ።» ግራዝማች አስፋው አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረቡ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «ልጄ፣ እንድሪስን ማን ወለደው?»

«ይመር።»

«እናቱስ?»

«ከድጃ።»

«ወለደችው? ወይስ አጠባችው?»

ሮማን ወደ እናቷ አልዞረችም።

«ለልጅ ልጄ ለትርንጎ፣ ቦይ ዳር ተቀምጠሽ፣ እንድሪስ ከሞተች ሴት ጀርባ ላይ የተገኘ የጡት ልጅ ነው ብለሽ ነግረሻታል። ዋሸሁ?»

«አልዋሹም» አለች ሮማን። «ነግሬያታለሁ።»

ከቆሙት አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። አቶ ብርሃኑ ከበረንዳቸው ሆነው አንገታቸውን ደፉ። ግራዝማች አስፋው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሌላ ምን ልጨምር የሚል ይመስላል።

«ተረት ነዋ!» አለች ሮማን።

ግራዝማች ዞሩ።

«እማ ማታ ማታ ስታወራልን ትጨምራለች። እንድናለቅስላት። ገነት ብዙ ስታለቅስ ደግሞ ትቀንሰዋለች። እንድሪስን ከድጃ ናት የወለደችው። በመውሊድ ማግስት ነው የወለደችው። ይመርም በግ አርዷል፤ በጉ አንድ ቀንድ ብቻ ነበረው።»

ሼህ አብዱልሐሊም ቀና አሉ። «ቆይ እስቲ፣ ልጄ። በክፉ ቀን በግ ከየት መጣ? ያን ጊዜ እንኳን በግ ውሻም አልቀረም ይባላል።»

«የተረፈው እሱ ብቻ ነበራ! ባለ አንድ ቀንዱን የሚገዛ ጠፍቶ።»

ባላምባራስ ካሳዬ ሳቁ። ቄሱም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ወደ ባለጉዳዮቹ ተላለፈ፤ አንዱ «ዕድሜ ይስጥሽ!» ብሎ ጮኸ። አለሚቱ ግን አልሳቀችም። ድምፁ የሮማን ቢሆንም አነጋገሩ የራሷ ነበር። እውነተኛ ነገር ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ነገር ይዞ እንደሚመጣ፣ ትልቁን የረሳ ሰው ትንሿን እንደሚያስታውስ ለልጇ ያስተማረቻት እሷ ናት። በጉ የትም አልነበረም። አሁን ግን አርባ ሰው አይቶታል።

«ልጅ ናት፣ አስተምረዋት ነው!» አሉ ግራዝማች አስፋው። የድምፃቸው ልስላሴ ጠፍቷል። «እናቲቱ ትጠየቅልኝ። ይህች ሴት ያልጠየቀችው ሽማግሌ በሐብሩ ወረዳ የለም። መቃብር ስትቆጥር፣ ድንጋይ ስትለካ የምትውል ሴት ናት። ትጨምራለች? እሷ?»

«ዘር አትቆጥርም» አሉ ቄሱ።

«ዘር አላስቆጥራትም። ትጨምር እንደሆነ ትናገር።»

ባላምባራስ ካሳዬ ግራና ቀኛቸውን አይተው ጠሯት። አለሚቱ ቀርባ እጅ ነሣች።

«መሐላ ነው፤ ጃንሆይ ይሙት በይ።»

«ጃንሆይ ይሙት።»

«ለልጆችሽ ስታወሪ ትጨምሪያለሽ?»

አለሚቱ ሽማግሌው እንድሪስን በሐሳቧ አየቻቸው፤ በመጨረሻው ዓመታቸው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቃቸው «ምነው አንቺ ልጅ፣ አላመንሽኝም?» ብለዋት ነበር። «አምኜዎታለሁ፤ እንዳይጠፋ ነው» ብላ መልሳላቸዋለች። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳስሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለልጆቿ ከነገረቻቸው ውስጥ ካሳጠረችው በቀር የጨመረችው አንድ ቃል አልነበረም። አንድም።

«እጨምራለሁ» አለች።

«ይህንንስ? የሞተችዋን ሴት፣ የጡት ልጁን?»

«ጨምሬው ነው።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ። ልጆቹ እንዲተኙልኝ ነው።»

አንድ ሰው «የሴት ወሬ!» አለ፤ ሌላው «ኧረ ተዋት፣ የመበለት ቤት ማታው ረጅም ነው» አለው። ሼህ አብዱልሐሊም መቁጠሪያቸውን ይዘው አለሚቱን ያዩዋታል። የእሳቸው አባት የይመር ጎረቤት እንደነበሩ አለሚቱ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ልትጠይቃቸው አስባ በክርክሩ ምክንያት ቀርታለች። ሼሁ የሚናገሩ መሰላት።

«ከእንግዲህ ሰው አይጠየቅ» አሉ ሼህ አብዱልሐሊም ቀስ ብለው። «ልጅቱ ቆጥራለች። እኔ ይበቃኛል።» ወደ አለሚቱም ዝቅ ባለ ድምፅ «አብሽሪ» አሏት።

ሦስቱ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ብዙም አልቆዩም። ጸሐፊው የተወሰነውን በመዝገቡ ላይ አስፍሮ ጮክ ብሎ አነበበ፦ እንድሪስ ከአባቱ ከይመር አራጋውና ከእናቱ ከከድጃ መወለዱ በሽማግሌዎች ተረጋግጧል፤ የጡት ልጅነቱን ነገር እናቲቱ ከራሷ እንደጨመረችው በመሐላ አምናለች፤ መሬቱም ለሟች ተስፋዬ ጌትነት ልጆች ይጽና። ለአለሚቱም እንድትፈርም መዝገቡን አቀረበላት፤ እሷ ብዕሩን ተቀበለችው። ሰውየው ጣት እንድትነክር ቀለሙን አቅርቦ ስለነበር፣ ስሟን ስትጽፍ አይቶ ተገረመ። የሱም ጽሕፈት ያማረ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ሰው ያለ ምንም ጥርጥር ያነበዋል ብላ አሰበች።

ሊወጡ ሲሉ ግራዝማች አስፋው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ቁጣቸው አልፏል፤ እሳቸውም ሦስት ዓመት የተመላለሱ ሽማግሌ ናቸው።

«መሬቱን ወሰድሽ» አሉ። «ከእንግዲህ ግን አፍሽን ማን ያምናል?»

«ማንም፣ ግራዝማች» አለች አለሚቱ፤ አልፋቸውም ሄደች።

ወደ ደቡብ የሚወርድ መኪና እስኪገኝ ከመንገዱ ዳር ከሚገኝ አንድ ሱቅ ግንብ ሥር ተቀመጡ። አለሚቱ ለልጇ አንድ ዳቦ ገዛችላት። ሮማን ግማሹን ለእናቷ ዘረጋችላት፤ አለሚቱ ተቀብላ ያዘችው እንጂ አልበላችም። እግሯ ከእሷ የተለየ ዕቃ ይመስል ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል። መሬቷ ድናለች። ነገ ሽንኩርቱ መኮትኮት አለበት። ደስታው እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

«እማ፣ ተቆጣሽኝ?»

«አልተቆጣሁም።»

«ትጨምራለች ያልኩት…»

«ገብቶኛል። ሌላ መውጫ አልነበረም። እኔ ያቃተኝን ነው ያገኘሽው።»

ሮማን ዳቦዋን አኘከች። «ያቺ ሴትዮስ?»

«የትኛዋ?»

«ወንዝ ዳር የሞተችው። እሷ እኮ ስም እንኳ አልነበራትም፤ የነበራት ያ ታሪክ ብቻ ነው። ዛሬ እሱንም ወሰድንባት።»

አለሚቱ ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ያቺ ሴት ስንት ቀን እንደተጓዘች ማንም አያውቅም፤ ልጇን ከጀርባዋ ሳታወርድ ወንዙ ድረስ መድረሷ ብቻ ይታወቃል። አለሚቱ እሷን ስታስብ ሁልጊዜ ድካሟ ነበር የሚታያት። ዛሬም ያ ነው የታያት።

«ለልጇ ልጆች መሬቱ ተረፈላቸው» አለች በመጨረሻ። «እናት ናት። ትፈርድብናለች ብዬ አላስብም።» አክላም «ይመስለኛል» አለች።

«ገነት ዛሬ ማታ ስለ እንድሪስ ንገሪኝ ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ገነት የሰማችውን ሁሉ ፀሐይ ሳይጠልቅ ሦስት ቤት የምታደርስ ልጅ ናት። አለሚቱ ራሷን ግንቡ ላይ አስደገፈች።

«ባለ አንድ ቀንዱን በግ ንገሪያት።»

«እውነቱንስ መቼ ነው የምንነግራት?»

«ነገር መደበቅ ስትችል።»

«አንቺ ትነግሪያታለሽ?»

ከላይ ከከተማው በኩል የመኪና ድምፅ ተሰማ። አለሚቱ እጇን ልጇ ትከሻ ላይ አሳርፋ፣ በእሷ ተደግፋ ተነሣች።

«አንቺ ንገሪያት» አለች። «ከአንቺ ትስማው። እኔማ እጨምራለሁ፤ ተጽፏል።»